«የቦዬ ጠባቂ»፦ በሂደት ላይ ያለ የምናብ ሥዕል፣ ከንድፍ እስከ ቀለም (ጅማ)

የጅሬን ቀለም · ሰኔ 27

ጤና ይስጥልኝ የሥዕል ወዳጆች። በዚህ ክረምት አንድ ትልቅ የዘይት ቀለም ሥራ ይዣለሁ፤ ስሙን «የቦዬ ጠባቂ» ብዬዋለሁ። አልቆ ሲሰቀል ብቻ ከማሳያችሁ ከንድፉ ጀምሬ እየለጠፍኩ ልሄድ ነው። ስለ ምናብ ሥዕል፣ በተለይ ስለ አሠራሩ፣ በአማርኛ የሚወራው በጣም ጥቂት ነው። የምታውቁትን ጨምሩበት፤ ያልተዋጠላችሁንም ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ።

ጅማን የምታውቁ የቦዬን ረግረግ ታውቁታላችሁ፤ ደንገሉን፣ ወፉን፣ ጉማሬውን። እዚያ ውሃ ውስጥ ከተማው ሳይቆረቆር ጀምሮ የሚኖር ፍጡር ቢኖርስ? ዘንዶ ሣሉ ስንባል አብዛኞቻችን እጅ ላይ የሚመጣው በጌም ያየነው፣ በረዷማ ተራራ ላይ የሚያንቀላፋ ክንፋም እንሽላሊት ነው። የኔ ግን እዚሁ የበቀለ እንዲሆን እፈልጋለሁ። አካሉ የጉማሬ ነው፦ ክብደቱ፣ የአንገቱ እጥፋት፣ እርጥብ ቆዳው። ከትከሻው ወደ ጎኑ የሚወርደው ረጅም ነጭ ጸጉር የጉሬዛ ነው። ምንቃሩን የወሰድኩት በምንቃሩ ላይ ሌላ ቀንድ የመሰለ ነገር ከተሸከመው፣ ሲበር የክንፉ ድምፅ ከሩቅ ከሚሰማው ትልቅ የጫካ ወፍ ነው። በለጠ ጫካ የሄደ ሰው ያውቀዋል።

ፍጡሩ በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ ተመልካቹ እንዲያምነው የሚያደርገው የሚያርፍበት ብርሃን ነው። ብርሃኑ እውነተኛ የጅማ ክረምት ብርሃን ከሆነ ፍጡሩም እውነተኛ ይሆናል። ሥዕሉን በሙሉ የምሠራው በዚህ እምነት ነው።

[ምስል 1፦ የክብሪት ሣጥን የሚያህሉ ትንንሽ ንድፎች]

እነዚህን የሠራኋቸው በሦስት ደረጃ ብቻ ነው፦ ጨለማ፣ መሐል፣ ብርሃን። ዝርዝር የለም፣ ዐይን የለም፣ ጸጉር የለም። በዚህ መጠን ካልተነበበ ሸራው ላይ ሲገዝፍም አይነበብም። የመረጥኩት ከላይ በስተግራ ያለውን ነው፤ ጥቁሩ አካል ከጉም ፊት ለፊት ቆሞ፣ ነጩ ጸጉር የሥዕሉን ብርሃን ሁሉ ሰብስቦ ይዟል።

አሁን ጥያቄዬ፦ ጭንቅላቱን በጎን ልሣለው ወይስ ወደ እኛ ዞሮ? በጎን ሲሆን ምንቃሩና ቀንዱ በደንብ ይታያሉ።

---

ደንገል · ሰኔ 27

የጉሬዛው ጸጉር! ያንን እንዴት ማንም ሳያስበው ቀረ። ልጅ ሆነን ዛፍ ላይ ሲዘሉ ያ ነጭ ነገር ሲርገበገብ እያየን ክንፍ ያላቸው ይመስለን ነበር። ቀጥዪ እህቴ፣ እየተከታተልኩ ነው።

---

ጎንደሬዋ · ሰኔ 28

ስለ ጭንቅላቱ አንድ ነገር ልበል። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳኑና ጻድቃኑ ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ዞሮ ሁለት ዐይናቸው ይታያል። ክፉው ነው በጎን የሚሣለው፣ በአንድ ዐይን፤ ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ አሳዳጁ ወታደር። በየአጥቢያው ግድግዳ ላይ ይህን እያየን ነው ያደግነው። ሕጉን የማያውቅ ሰው እንኳ ዐይኑ ለምዶታል።

አንቺ ደግሞ «ጠባቂ» ነው እያልሽን ነው። በጎን ከሣልሽው እኛ ሀገር ያደገ ተመልካች ሳያስበው ይፈራዋል። ዞር ይበልና ይየን።

---

ቀዩ መስመር · ሰኔ 28

በዚህ አልስማማም። የምትሥለው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አይደለም፤ የራሷን ዓለም ነው። በፍጡር ንድፍ ውስጥ የመጀመሪያው ነገር ጥላ ምስሉ ነው፦ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ብትቀቢው ምን እንደሆነ ይታወቃል? ምንቃርና በላዩ ያለው ቀንድ በጎን ብቻ ነው ቅርጻቸው የሚወጣው። ወደ እኛ ከዞረ ምንቃሩ ያጥራል፣ ቀንዱ ግንባር ላይ የተለጠፈ ጉብታ ይሆናል። ከሩቅ ሲታይ ጉማሬ ብቻ ነው የሚሆነው።

---

ጎንደሬዋ · ሰኔ 28

ጥላ ምስሉ የምትለው ትክክል ነው ወንድሜ። ግን «የራሷ ዓለም» የሚባለውን የሚያየው የዚህ ሀገር ዐይን ነው። ደግሞም እኮ የምናብ ሥዕል ለእኛ አዲስ አይደለም። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በካሬ በካሬ ተከፍሎ በሚሣልበት ሸራ ላይ የመጀመሪያዎቹ ካሬዎች የዘንዶው የአርዌ ናቸው፤ ሰው እየገበረለት፣ በኋላም ሲገደል። ከዚያ ወዲህም እስክንድር ቦጎሲያን (እ.ኤ.አ. 1937–2003) አለ። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ፓሪስ ተምሮ፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሮ፣ ክንፍና ዐይን የሞላበትን የሌሊት ዓለሙን ሲሥል ከክታቡም ከብራናውም አልራቀም። መነሻ አለን ማለቴ ነው።

---

ቢሻን · ሰኔ 29

እኔ ደግሞ አያቴ የነገረችን ቡልጉ ነው የመጣብኝ፤ ሰው የሚበላው። በኦሮምኛ ተረት ያደገ የጅማ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። አያቴ መልኩን አንድም ቀን ነግራን አታውቅም፣ ድምፁን ብቻ። የጅሬን ቀለም፣ ከዚህ በኋላ እሱን ብትሥዪው ደስ ይለኛል። ጭንቅላቱን በተመለከተ ከጎንደሬዋ ጋር ነኝ።

---

የጅሬን ቀለም · ሐምሌ 4

ሁለታችሁም ጠቀማችሁኝ። ጎንደሬዋ ያለችው ነገር ከልቤ ገብቷል፤ ጠባቂው ሁለት ዐይን ይኖረዋል። የቀዩ መስመርንም ሐሳብ አልጣልኩትም። ጭንቅላቱን ሦስት አራተኛ አዞርኩት፣ ከዚያም ወደ ትከሻው ጎንበስ አደረግኩት። ጎንበስ ሲል ቀንዱ ወደ ላይ ይወጣና ከጉሙ ፊት ጥርት ብሎ ይታያል። ምንቃሩ ቢያጥርም የታችኛው ጠርዙ ከነጩ ጸጉር ላይ ጥቁር ሆኖ ይነበባል። የሩቁ ዐይን በከፊል ነው የሚታየው፣ ግን አለ።

[ምስል 2፦ ንድፉ ሸራው ላይ ተላልፎ]

ሸራው 80 በ120 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አቡጀዲ ወጥሬ፣ ጌሶ (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ ነጭ መደብ) ደራርቤ ቀብቼ፣ በየመሐሉ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሽቼዋለሁ። ከዚያ የሸራውን መሬት፣ ማለትም መደቡን፣ በሙሉ በቀይ አፈር ቀለም ሸፈንኩት። ይህንን ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት። ክረምት ላይ ጅማ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው፤ አረንጓዴን በነጭ መሬት ላይ ስትቀቡት ፕላስቲክ ይመስላል። ከሥሩ ቀይ ካለ ግን በብሩሽ ምቶች መሐል ጥቂት ጥቂት ቀይ ሾልኮ ይታያል፣ አረንጓዴውም ይሞቃል። የእኛም መሬት እንዲሁ ነው፤ ሣሩ ሳሳ ያለበት ቦታ ሁሉ ቀዩ አፈር ይወጣል።

በዚያ ላይ በተርፐንታይን ያቀጠንኩትን በርንት አምበር (ጥቁር ቡናማ የአፈር ቀለም) ይዤ ጨለማውን ሁሉ አስቀመጥኩ፤ ብርሃኑን ደግሞ በጨርቅ እየጠረግኩ አወጣሁት። ለመጀመሪያው ንብርብር አምበርን የምመርጠው ቶሎ ስለሚደርቅ ነው፤ በውስጡ ያለው ማንጋኒዝ ዘይቱን ያፋጥነዋል። አይቮሪ ብላክ የሚባለው ጥቁር ግን ለመድረቅ ረጅም ጊዜ ስለሚፈጅ ከሥር ባታስገቡት ይሻላል።

---

አዲስ ብሩሽ · ሐምሌ 5

ሰላም፣ ጀማሪ ነኝ፣ አጋሮ ነው ያለሁት። በዚህ ዝናብ የዘይት ቀለም እንዴት ይደርቅልሻል? እኔ አክሪሊክ ነው የምጠቀመው፣ እሱም ሰሞኑን ባህሪው ተቀይሮብኛል። ደግሞ የቡና ሥዕል መሞከር ጀምሬያለሁ። ቡና እኛ ሰፈር ከቀለም ይረክሳል፣ ቡናማውም በጣም ያምራል። ለፍጡር ሥዕል ይሆናል?

---

የጅሬን ቀለም · ሐምሌ 5

እንኳን ደህና መጣህ። ሁለቱ ቀለሞች የሚደርቁበት መንገድ ለየቅል ነው። አክሪሊክ የሚደርቀው ውሃው ሲተን ነው፤ አየሩ በእርጥበት ሲሞላ ውሃው ቶሎ አይተንምና ቀለሙ ለረጅም ጊዜ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ይህን ተጠቀምበት። በበጋ አክሪሊክ ጠርዝ ለማለስለስ ጊዜ አይሰጥህም፣ አሁን ግን ሰማይና ጉም ለመሥራት ምቹ ነው። ሁለተኛውን ንብርብር ከመድረብህ በፊት ብቻ በደንብ ጠብቀው።

የዘይት ቀለም አይተንም። የተልባ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው፤ ስለዚህ አየር የሚዘዋወርበትና ብርሃን ያለበት ቦታ ይፈልጋል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረህ ካስቀመጥከው ይዘገያል፤ በኛ ክረምት ደግሞ የሸራው ጀርባ ሻጋታ ያወጣል። ከግድግዳው አርቀህ አቁመው። ሲደረብም ከታች ያለው ቀጭንና ዘይቱ ያነሰ፣ ከላይ ያለው ዘይቱ የበዛ ይሁን። ከተገለበጠ የላዩ ቀድሞ ይደርቅና የታችኛው ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል።

ቡናውን ውደደው። በውሃ ቀለም ወረቀት ላይ በቀጭን ጀምረህ እየደረቀ እየደረብክ ስትሄድ የብርሃንና የጥላ ደረጃን ከእሱ የተሻለ የሚያስተምርህ የለም፤ አንድ ቀለም ብቻ ስለሆነ የምታስበው ስለ ብርሃን ብቻ ነው። ነገር ግን ፀሐይ ያደበዝዘዋል። የምትሸጠው ወይም ለሰው የምትሰጠው ከሆነ ስካን አድርገህ አስቀር፤ ዋናውን ደግሞ መስኮት ፊት ለፊት አትስቀለው። ያንኑ መልክ ለዘለቄታው ከፈለግክ በርንት አምበር የውሃ ቀለም ግዛ፤ እሱ አፈር ነው፣ አይለቅም።

---

አናጢው · ሐምሌ 6

ልጄ፣ ሥዕሉን አልችልበትም፤ እንጨቱን ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቼበታለሁ። ፎቶው ላይ የሸራሽን ማዕዘን ሳየው ላላ ብሏል። እርጥበት ሲለዋወጥ ጨርቅ ይላላል፣ ይወጠራል። ፍሬሙን ምስማር መትተሽ ካሰርሽው መፍትሔ የለውም። አራቱን ማዕዘን በሚስማማ ቀዳዳ አጋጥመሽ ከውስጥ ትንንሽ ሽብልቅ ብታስገቢበት፣ ሲላላ ሽብልቁን ቀስ አድርገሽ መምታት ብቻ ነው። የፍሬሙም የፊት ጠርዝ ወደ ውስጥ ዘቅዘቅ ብሎ ይላግ፤ አለበለዚያ ጨርቁ እንጨቱን ይነካና በጊዜ ብዛት መስመሩ ሥዕሉ ላይ ይወጣል።

እንጨቱ ደረቅ ዋንዛ ይሁን። ቀላል ነው፣ ብዙ አይጣመምም። እርጥብ ባሕር ዛፍ የሚሰጡሽ አሉ፤ እንዳትቀበይ። ወር ሳይሞላ ይጠማዘዝብሻል።

---

የጅሬን ቀለም · ሐምሌ 6

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ሽብልቅ ያለው ፍሬም አዝዣለሁ፤ ሸራውን ቀለሙ ገና ቀጭን ሳለ አዛውረዋለሁ። የጅማ ሰው በርጩማና ወንበር የሚሠራበት እጅ ለሠዓሊም ይተርፋል፤ ሌላ ቦታ ያሉ ጓደኞቼ እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጣቸው አያገኙም።

---

ታብሌት · ሐምሌ 8

እኔ በዲጂታል ነው የምሠራው፣ ክሪታ በሚባል የሥዕል ፕሮግራም ላይ፤ ነፃ ነው፣ ለኮምፒውተር ላለው ሰው ይበቃል። ከላይ የተባለው ሁሉ እዚያም ይሠራል። መጀመሪያ ግራጫውን ብቻ እጨርሳለሁ፣ ቀጥሎ ጥላውን «መልቲፕላይ» (ከሥሩ ያለውን የሚያጨልም) ላይ ባለ ሌየር፣ ማለትም ንብርብር፣ እደርባለሁ፣ ቀለሙ መጨረሻ ነው። የሚታተም ከሆነ ከመጀመሪያው መጠኑን አስተካክሉ፤ ኤ3 በ300 ዲፒአይ ማለት 3508 በ4961 ፒክስል ነው። ትንሹን በኋላ መለጠጥ አይሆንም። ደግሞ ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ሰማያዊ ሲታተም ይደበዝዛል፤ ማተሚያ ቤት ስትሄዱ መጀመሪያ አንድ ናሙና አስወጡ።

ጥያቄ ለየጅሬን ቀለም፦ ሸራ ላይ የብርሃን ደረጃሽ እንደተበላሸ በምን ታውቂያለሽ? እኛ ቀለሙን በአንድ ጠቅታ እናጠፋዋለን።

---

የጅሬን ቀለም · ሐምሌ 8

እኔም በስልኬ ፎቶ አንስቼ ጥቁርና ነጭ አደርገዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ዐይኔን ጨፈን አድርጌ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ሆኜ አየዋለሁ። በመስታወት ገልብጬም አየዋለሁ፤ የተጣመመ ነገር ካለ ያኔ ይጮሃል።

---

የጅሬን ቀለም · ሐምሌ 19

[ምስል 3፦ ቀለም የጀመረው] [ምስል 4፦ ትከሻው በቅርበት]

አሁን ወደምወደው ክፍል ደርሰናል። ትዕይንቱ ዝናብ ያባራበት ሰዓት ነው፤ ሰማዩ በሙሉ ደመና፣ ብርሃኑ ከላይ፣ ለስላሳ። እንዲህ ያለው ብርሃን ቀዝቃዛ ነው፣ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ያደላል፤ ጥላው ደግሞ በአንጻሩ ይሞቃል። ፀሐይ ባለበት ቀን የለመዳችሁትን ገልብጡት። የትከሻውን አናት በአልትራማሪን ሰማያዊ፣ በነጭና በትንሽ አምበር፣ ሆዱን ደግሞ ከቀዩ አፈር በሚመለሰው ሙቅ ቡናማ ነው የሠራሁት።

እርጥብ ቆዳ ላይ ብዙ ቆየሁ። ደረቅ ቆዳ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ከብርሃን ወደ ጥላ የሚሄደው ቀስ እያለ ነው። እርጥብ ቆዳ ግን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል። የራሱ ቀለም ይጨልማል፣ በላዩ ደግሞ ሰማዩን ያንጸባርቃል፤ ያ ነጸብራቅ ጠርዙ ስለታም ነው፣ ቀለሙም የሰማይ እንጂ የቆዳው አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ አካሉን በሙሉ ደረቅ አስመስዬ አስተካከልኩ፣ ከደረቀ በኋላ በቀጭን ግሌዝ (የታችኛውን በሚያሳይ ስስ ቀለም) አጨለምኩት፣ መጨረሻ ላይ ወፍራም ቀለም ይዤ ነጸብራቆቹን በየእጥፋቱ አናት ላይ አንድ አንድ ምት ብቻ አስቀመጥኩ። እነዚያን መነካካት አይገባም፤ አስቀምጦ መተው ነው።

ነጩ ጸጉር ነጭ አይደለም። ፎቶውን አጉሉትና እዩ፦ አብዛኛው ግራጫ ነው፣ ከአልትራማሪንና ከአምበር የተቀላቀለ። ንጹሕ ነጭ ያለው ትከሻው ላይ በምታዩት ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። ጸጉርን አንድ በአንድ መሣል ሥዕሉን ይገድለዋል። መጀመሪያ ጸጉሩን ተንጠልጥሎ እንደሚወርድ ጨርቅ በጅምላ፣ ብርሃንና ጥላ ሰጥቼ ሠራሁት፤ ከዚያ ጫፎቹ ከጨለማው ጋር በሚገናኙበት ቦታ ብቻ በደረቅ ብሩሽ ጥቂት ክሮች ሳብ ሳብ አደረግኩ። የቀረውን የተመልካቹ ዐይን ይጨርሰዋል።

ጆሮው ላይ ደግሞ ትንሽ ነገር አለች። ቀጭን ሥጋ ብርሃን ሲያልፍበት ቀለሙ ይደምቃል፣ ወደ ቀይ ብርቱካናማ ይሄዳል። በዚያ ሁሉ ግራጫ መሐል ያቺ ጆሮ ፍጡሩ ደም እንዳለው ትናገራለች።

---

ቀዩ መስመር · ሐምሌ 20

ጭንቅላቱን በተመለከተ ተሸንፌያለሁ፣ ያ ዐይን ይይዛል። ነገር ግን ውሃው ላይ ያለው ነጸብራቅ ልክ አይመስለኝም። ፍጡሩን ገልብጠሽ ነው ያስቀመጥሽው። ነጸብራቅ ግልባጭ ኮፒ አይደለም፤ ውሃው ከታች ሆኖ የሚያየው ነው። እኛ የምንቃሩን አናት ስናይ ውሃው የሚያየው ሥሩን ነው፤ ስለዚህ ነጸብራቁ ውስጥ የምንቃሩ ሥርና የአገጩ እጥፋት መታየት አለባቸው። ደግሞ በነጸብራቅ ውስጥ ነጩ ጸጉር ትንሽ ይጨልም፣ ጥቁሩ አካል ትንሽ ይፍካ።

---

አሮጌ ፓሌት · ሐምሌ 20

ልጆች፣ ስለ ነጸብራቁ ቀዩ መስመር ያለው ትክክል ነው። እኔ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው የመጣሁት። ብርሃኑን በጨርቅ ጠረግኩ ብለሻል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልሎ ጥግ መወርወር አደገኛ ነው። ዘይቱ ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል፤ ጨርቁ ከተጠቀለለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ያለ ክብሪት በራሱ ይቀጣጠላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ ንከሩት። ተርፐንታይን የምትጠቀሙም መስኮት ክፈቱ፣ ዝናብም ቢሆን።

---

የጅሬን ቀለም · ነሐሴ 8

[ምስል 5፦ ሙሉው ሥዕል አሁን ያለበት]

ነጸብራቁን እንደ አዲስ ሠርቼዋለሁ። ቢሾፍቱ ከምትኖር እህቴ ቤት የመጣ ትንሽ የሸክላ ወፍ አለኝ፤ መስታወት ላይ አቁሜ በስልክ መብራት ከተለያየ ከፍታ አየሁት፣ ከዚያ ወደ ሸራው ተመለስኩ። የአገጩ እጥፋት ነጸብራቁ ውስጥ ሲገባ ፍጡሩ ውሃው ውስጥ እውነት ቆመ። ቀዩ መስመር፣ ገለቶማ። አሮጌ ፓሌት፣ ስለ ጨርቁ የጻፉትን ሁሉም ሠዓሊ ያንብበው፤ የኔው ክዳን ባለው ጣሳ ነው የሚቀመጠው።

የኋላው ዛፍም ተጨምሯል። ቅርብ ያለው ዋንዛ ነው፣ ጉሙ ውስጥ የገቡት ዝግባዎች ናቸው። ወደ ኋላ በሄድኩ ቁጥር ጥቁሩን ቀነስኩ፣ ሰማያዊ ግራጫውን ጨመርኩ፣ ጠርዙን አጠፋሁ። የመጨረሻው ረድፍ ከሰማዩ የሚለየው በጣም በጥቂቱ ነው። ጉም የሚሣለው ነጭ ቀለም በመደረብ ሳይሆን ልዩነትን በመቀነስ ነው።

---

አዲስ ብሩሽ · ነሐሴ 8

በጣም ያምራል። እባክሽ አረንጓዴውን በምን እንዳቀላቀልሽው ንገሪኝ፤ የኔ ሁሌም የትምህርት ቤት ሰሌዳ ነው የሚመስለው። ቀለሙንም ሁሉ ብትዘረዝሪልኝ፣ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ስላለ ልልክ ነው። መቼ ነው ቫርኒሽ የምታደርጊው?

---

የጅሬን ቀለም · ነሐሴ 9

አረንጓዴ በቱቦ አልገዛም። የደንገሉ አረንጓዴ አልትራማሪንና የሎ ኦከር (ቢጫ የአፈር ቀለም) ነው፤ ጥላ ውስጥ ያለው ጥቁርና ቢጫ ነው፣ ሁለቱ ሲገናኙ የወይራ ቅጠል የሚመስል ጥልቅ አረንጓዴ ይወጣል። በጣም ከበራብህ በጫፍ ብሩሽ ቀይ አፈር ጨምርበት፣ ወዲያው ይረጋጋል። ፀሐይ የነካት አንዲት ቅጠል ስትኖር ብቻ ካድሚየም ቢጫ እጨምራለሁ።

የምትልከው ሰው እንዳይከብደው ጥቂት ይበቃሃል፦ ቲታኒየም ነጭ (ትልቁን ቱቦ፣ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው)፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ በርንት አምበር፣ የሎ ኦከር፣ ቀይ አፈር፣ አንድ ደማቅ ቢጫ፣ አንድ ጥቁር። ጥቁር ካጣ ግድ የለም፤ አልትራማሪንና አምበር እኩል ሲገናኙ ከቱቦው ጥቁር የተሻለ ጥቁር ይሆናሉ፣ ወደ ሙቅም ወደ ቀዝቃዛም ልታዘነብለው ትችላለህ። ነጭ ሲገዛ «ዚንክ» ብቻ የሚለውን እንዳያመጣ ንገረው፤ በዘይት ቀለም ውስጥ ከዓመታት በኋላ ይሰባበራል።

ቫርኒሹ ይቆያል። ነጸብራቆቹ ላይ ቀለሙ ወፍራም ስለሆነ ቢያንስ ስድስት ወር እጠብቃለሁ፤ ማለት እስከ የካቲት ነው። እስከዚያ አቧራ እንዳያርፍበት ብቻ እጠብቀዋለሁ። ቢሻን፣ በዚህ መሐል የቡልጉን ትንንሽ ንድፎች ጀምሬያለሁ፤ ድምፁን አያትሽ እንዴት እንደምታሰማው በጽሑፍ አስቀምጪልኝ፣ አፉን የምሠራው ከዚያ ነው።